ወራጅ አለ፣ አረንጓዴው በር ጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሙሉ ቀን ካልሲ ሳሰጣ ዋልኩ። የጌም ካልሲ። አርባ ሦስት ገመድ፣ በየገመዱ አንሶላ፣ ሸሚዝ፣ የሕፃን ቁምጣ... ነፋስ ሲመጣ አንሶላው ከሸሚዙ ዘግየት ብሎ መወዛወዝ አለበት። ከባድ ነዋ። አለቃ ከኋላዬ ቆሞ «ሰው ሚኒባስ ሊነዳ ነው የሚመጣው፤ ያንቺን ካልሲ ማን ያይልሻል?» አለኝ። እኔ አየዋለሁ አልኩት። እየሳቀ ሄደ።

ቢሯችን ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ያለች ሦስት ክፍል ናት። የታቾቹ የስፌት መኪና ሲያስነሱ የኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ሠራተኞቹ አለቃ፣ እኔና ጭጭ ነን። ጭጭ ፕሮግራመራችን ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ እንላለን። እኔ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ግድግዳውን እሠራለሁ፤ እሱ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል።

ጌሙ ቀላል ነው። ተጫዋቹ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ሰው ይጭናል፣ ያወርዳል። ከተማዋ የእታለም ከተማ ናት። ትልቋ እህቴ እዚያ አግብታ ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ፎቶ ላኪልኝ ብላት ሦስት መቶ ምናምን ላከችልኝ፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር። ቤቷን እንዳለ ሠራሁት፦ አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መንገዱን ቁልቁል የሚያይ ሰፊ መስኮት። ድምጿም አለ። ከጌሙ አርባ ተሳፋሪዎች አንዷ እሷ ናት። «ወራጅ አለ! እዚችው ጋ፣ አረንጓዴው በር ጋ!»

ማንኛውም ተሳፋሪ ወራጅ አለ ካለ መኪናው በራሱ ይቆማል። ሰውየው ወርዶ በሩ እስኪዘጋ አይንቀሳቀስም፤ ክላክስም አይሠራም። ይቺን የክላክስ ደንብ የጨመራት ጭጭ ነው። አሮጊት እየወረደች ክላክስ የሚያደርግ ሾፌር ያናድደኛል አለ። የዚያን ቀን አሥሩንም ቃል ጨረሰ።

ጦርነቱ ተጀምሮ ድልድዩ ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ስልክ አንዳንዴ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። እሷን ሳላገኝ ስቀር ቤቷን እከፍታለሁ። ካልሲዋን አሰጣለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ስልክ አልገባም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እንግዳ መጣ። ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት። በዚህ ሙቀት ክራቫት አስሮ ደረጃውን ወጣ፤ ላብ በላብ ሆኖ ግን ፈገግታው አልተነካም። ጌሙን ተቀምጦ ተጫወተ። ግማሽ ሰዓት! ተሳፋሪ ሲያወርድ «ይቅርታ እማማ» ሁሉ ይል ነበር። ወደድኩት፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ ከአለቃ ጋር በሩን ዘግተው ተነጋገሩ። አለቃ ሲወጣ ፊቱ እንደታጠበ ሰው ሆኗል። «ወሰዱት» አለ። «ጌሙን እንዳለ። ጥቂት ነገር ነው የሚቀየረው።»

ምን ይቀየራል?

«ሚኒባሱ ብረት ለበስ ይሆናል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ጭጭ አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አሥር ቀን ሙሉ ሥራ ብቻ። ብረት ለበሱ አለቀ። ቅርፊቱን ነው የቀየርነው እንጂ ከሥሩ ያው ሚኒባሳችን ነው። መሪው፣ ፍሬኑ፣ በሩ... ክላክሱን መድፍ አደረጉት። ድሮ ክላክስ የሚነፋው ቁልፍ አሁን ይተኩሳል። አለቃ ጊዜ የለም አለ፤ ከባዶ መጀመር አይታሰብም።

ዛሬ ባለ ክራቫቱ ከኔ ወንበር አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስክሪኑን በእስኪርቢቶ ጫፍ እየነካ፦

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው።»

«በጣም ያምራል። ግን ልብስ ካለ ሰው አለ፣ አይደል? ካልሲ ብቻውን አይሰቀልም።»

«አዎ፣ ሰው አለ።»

«ሰው ካለ ደግሞ ተጫዋቹ ያመነታል። እኛ እንዲያመነታ አንፈልግም። ማዶ ያለው ጠላት ብቻ ነው። ሕዝቡ ወጥቷል።»

ወጥቷል? እህቴ እዚያ ናት አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እንግዲያው እሷም ወጥታለች ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። 

የአርባ ሦስቱም ገመድ ልብስ በአንድ ንብርብር፣ ሌየር በምንለው ላይ ነው የተቀመጠው። አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ አንዴ ስትነካ ይታያል፣ ደግሞ ስትነካ ይደበቃል። አሥራ አንድ ቀን የሠራሁት በአንዲት ንክኪ ጠፋ። ተሳፋሪዎቹንም ጭጭ እንደዚያው አጠፋቸው። በየመስኮቱ ወታደር ተተከለ። መንገዱ ጭር አለ።

በኛ ሥራ ግን ምንም ነገር አይሰረዝም፤ ይደበቃል እንጂ። ነገ አለቃ ሐሳቡን ቢቀይርስ? አርባዎቹ ተሳፋሪዎችም ካልሲዎቹም እዚያው ፋይል ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

ለምን እሺ አልኩ? አላውቅም። አለቃ «አንቺ ባትነኪው ሌላ ይነካዋል» ብሎኝ ነው? ወይስ ሰውየው እጄን ስለያዘኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጌሙ ወጣ። በነፃ ነው። አውቶብስ ፌርማታው ላይ ትልቅ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ከጎኔ የተቀመጠች የባንክ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ስልኳ ላይ ትጫወታለች። ከዳቦ ቤቱ ወደ ግራ ታጠፈች። ያ ዳቦ ቤት እታለም ዳቦ የምትገዛበት ነው። ጣራውን ተኩሳ ጣለችው። ጎበዝ! አለቻት ጓደኛዋ።

ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14



ምሳ ላይ እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ዜና። «ሕዝቡ ከተማይቱን ሙሉ በሙሉ ለቅቆ መውጣቱ ተረጋገጠ» አለ አንባቢው። ከኋላው ባዶ መንገድ ያሳያሉ። ጭር ያለ። እናቴ «ተመስገን፣ ልጄ ወጥታለች» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

እኔ ግን ገመዱን አየሁ። ልብስ የሌለበት ገመድ፣ መቆንጠጫዎች ብቻ የተደረደሩበት። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ።

መቆንጠጫዎቹን ከልብሱ ጋር አላስቀመጥኳቸውም ነበር። በሌላ ንብርብር ላይ ናቸው። ልብሱን ስደብቅ ረሳኋቸው። በየገመዱ ላይ ምንም የማይዙ መቆንጠጫዎች ተንጠልጥለው ቀሩ። የትኛዋ ሴት ናት መቆንጠጫዋን እንዲህ በተራ በቀለም የምትደረድረው? እኔ ነኝ! ሥራዬ ነው! የዜናው ከተማ የኔ ጌም ነው።

ለእናቴ ልንገራት? ፊቷን አየሁት... ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አልበላችም። ወጥ ጨመርኩላት። ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ማሙሽ መጣ። የአንድ ቀን ፈቃድ። ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ ጢም አውጥቶ፣ የወታደር ጫማ አድርጎ አሁንም ማሙሽ ነው፤ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ። እናቴ ሳህኑን ሦስት ጊዜ ሞላችለት። አፉ ሙሉ ሆኖ ያወራል።

«እቴ፣ ካምፕ ውስጥ ንግሥት ነሽ እኮ! እህቴ ናት የሠራችው ብላቸው ማን ይመነኝ!»

«ካምፕ ውስጥ ትጫወታላችሁ?»

«በቀን ሁለት ሰዓት። እንደ ትምህርት ነው። እኔ እኮ የብረት ለበስ ሾፌር ሆኛለሁ፤ መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከዳቦ ቤቱ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን... አረንጓዴው በር ጋ ስትደርሺ ግን መጠየቅ የለም፤ መተኮስ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰፊው መስኮት። ሁሌ አነጣጥሮ ተኳሽ አለበት። ሁሌ! ስንቴ ገደለኝ መሰለሽ?»

እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። እሷ ሄዳ ታውቃለች። በሩን ቀለም ሲቀቡት ነበረች።

ማሙሽ አያውቅም። እታለም ስትሄድ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ነበር። እሱ የሚያውቃት በስልክ ስታወራ ፊቷን ነው፤ በሯን አይደለም።

«የእህትህ ቤት ነው» አልኩት።

«የምን?»

«አረንጓዴው በር። የእታለም ቤት ነው። መስኮቱ የመኝታ ቤቷ ነው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ቶሎ ብሎ «ወጥታለች እኮ፤ ሕዝቡ ወጥቷል። በዜና አሳይተዋል» አለ።

«ያ ዜና የኔ ጌም ነው። መቆንጠጫ እንኳ ረስቼበት...»

ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር መሳቁን አቆመ። እናቴ ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። «ልጄ አልወጣችም?» አለች። ማንን እንደምትጠይቅ እንጃ። 

ሊሄድ ሲል በር ላይ ያዝኩት። አትተኩስ አልኩት። «እቴ፣ እኔ ሾፌሩ ነኝ። ተኳሹ ሌላ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው። ግን እሱም ጌሙን ነው የሚያውቀው። ከኛ ኋላ ደግሞ ሌላ መኪና አለ፣ ከሱ ኋላ ሌላ... ለስንቱ ልንገር?» ሳመኝና ደረጃውን ወረደ። ጫማው ይጮሃል።

ለስንቱ ይንገር? እውነቱን ነው። እሱ አንድ ነው። እኔ ግን ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። ማዶ ሰው የለም ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አለቃን ለመንኩት። አንድ መስኮት ብቻ፣ ያቺን አንዷን መስኮት ባዶ አድርግልኝ አልኩት። ግንባሩን እንዳላበው ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደወለ። ባለ ክራቫቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ በስልክ አነጋገረኝ።

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን የጸደቀ ካርታ ነው። ዛሬ ለአንቺ እህት አንድ መስኮት ከከፈትን፣ ነገ ለሌላው አክስት ሌላ መስኮት እንከፍታለን። ከዚያ ምን ቀረን?»

ከተማ ይቀራላ! አልኩ። ስልኩን ከዘጋው በኋላ ነው ያልኩት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አለቃ «ልጆች አሉኝ» አለ። አውቃለሁ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ገባ! ከሰዓት በኋላ ስልኩ ገባ!

አራት ደቂቃ። ገና ሃሎ ሳልላት ተቆጣች።

«የት ጠፍተሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«እኔ ነኝ የጠፋሁት? አልወጣሽም?»

«ወዴት ልውጣ? አማቴ ከአልጋ አትነሳ። አሥራ ሰባት ሰው ነን እዚህ ቤት፤ የታች ጎረቤቶችም ከኛ ጋር ናቸው። ዛሬ ውሃ መጥቶልን ልብስ እያጠብኩ ነው፤ አታድርቂኝ።»

ልብስ እያጠብኩ ነው... እውነተኛ ካልሲ። በእውነተኛ ገመድ ላይ። 

«እታለም፣ መስኮቱ ጋ አትቁሚ።»

«ለምን?»

«በእናትሽ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ልጆቹም አይቁሙ።»

 ብልህ ናት፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። «ማሙሽስ?» አለች። ሾፌር ሆኗል አልኳት። «እሱ ቅሌታም! ብስክሌት ከግድግዳ ጋር ያላተመ ልጅ መኪና ሰጡት?» ብላ ሳቀች። መስመሩ ሲቋረጥ እየሳቀች ነበር።

አሥራ ሰባት ሰው። አማቷ ጭምር። እኔ ደግሞ አንድ አነጣጥሮ ተኳሽ ነው ብዬ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ወሰንኩ። ቁርስ ላይ ነው የወሰንኩት። እናቴ ሸሚዜን ስትተኩስ እያየሁ። ምንም ልዩ ነገር አልነበረም። ብቻ እንደማደርገው አወቅኩ።

ሐሙስ የጌሙ አፕዴት፣ ማሻሻያው፣ ይወጣል። አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ የደንብ ልብስ፣ ሌላ ነገር የለውም። ጌሙ ያለበት ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በራሱ ይቀበለዋል። ካምፑም። እኔ ካርታውን አስገባለሁ፣ ጭጭ አይቶ ይለቀዋል። አለቃ ፈርሞ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ከፍቶ አያይም።

እሱን አልፌ ልሂድ? አይሆንም። ጭጭን ሳላታልለው ነው የማደርገው። እምቢ ካለኝ እምቢ ይበለኝ።

ስሜስ? ስሜን እጽፋለሁ። ተደብቆ የሚሠራውንማ ሠርቼ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ልብሱን መለስኩ። ያቺን ምልክት ነካኋት፤ አርባ ሦስቱም ገመድ በአንድ ጊዜ ሞላ። መቆንጠጫዎቹ የሚይዙት አገኙ። አንሶላዎቹ ዘግየት እያሉ ይወዛወዛሉ... ኧረ ሳላውቀው እንባዬ መጣ። ለካ ናፍቀውኝ ነበር።

ከዚያ ወንበሬን ገፍቼ ጭጭ ጋ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት፦ እታለምን፣ አሥራ ሰባቱን ሰው፣ ማሙሽን፣ ዜናውን። ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ሰማኝ። ታች የስፌት መኪናዎቹ ይጮሃሉ። ጨርሼ ቆምኩ። ቆየ። አሁን እምቢ ሊለኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ልብስ አይበቃም» አለ።

እጁን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ። መጀመሪያ ወታደሮቹን ከየመስኮቱ አወረዳቸው። ከዚያ አርባዎቹን ተሳፋሪዎች አስነሳቸው፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ድሮው በየፌርማታው። ዘንቢል የያዘችው፣ አስተማሪው፣ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈው ሽማግሌ... እታለም አረንጓዴው በር ጋ።

እንሞክረው አለ። ብረት ለበሱ ቁልቁለቱን ወረደ። ፌርማታው ጋ ሲደርስ ዘንቢል የያዘችው ሴትዮ ብረቱን አንኳኳች። «ገበያ ይሄዳል?» ገባች! ቅርፊት ነው እንጂ ሚኒባስ ነው፤ በሩ ተከፈተላት። ትንሽ ሄደ። «ወራጅ አለ!» ቆመ። ጭጭ የመድፉን ቁልፍ ተጫነው። ዝም። ደጋግሞ ተጫነው። ዝም። ሰው እየወረደ ክላክስ አይሠራም፤ መድፉ ደግሞ ክላክሱ ነው።

ጭጭ ሲስቅ ዛሬ ገና አየሁት። ጥርሱ ያምራል።

ከአፕዴት ጋር ለተጫዋቹ የሚወጣ ማስታወሻ አለ፣ ምን ተለወጠ የሚል። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ልብሱ ወደ ገመዱ ተመልሷል። ተሳፋሪዎቹ ተመልሰዋል። ይህ ከተማ ሰው አለበት። እህቴ እዚያ ትኖራለች።» ከሥሩ ስሜን። ጭጭ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበ።

«የኔንም ጻፊ።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወጣ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ሠላሳ አንድ ሰዓት ኖረ። ከዚያ አወረዱት። ግን ሠላሳ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አውቶብሱ ውስጥ ሦስት ሰው ይጫወት ነበር። «ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለኝ?» ይላል አንዱ። ከስልኩ የእታለም ድምፅ ወጣ፤ እዚችው ጋ፣ አረንጓዴው በር ጋ! አውቶብሱ ሙሉ ሳቀ። እውነተኛው ሾፌር ደግሞ ተሳስቶ ፍሬን ያዘ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም። ማስታወሻውን ጮክ ብላ አነበበችው። «የኔም አክስት እዚያ ናት» አለች። ሌላ ሰው «የኔ ወንድም ሚስት» አለ። ከዚያ የሳቀ አልነበረም።

ዛሬ ባለ ክራቫቱ መጣ። ፈገግታው የለም። ለካ ያለ ፈገግታው ተራ ሰው ነው።

«ማን ነው?»

«ተጽፏል እኮ» አልኩት።

«አንቺ እኮ አልቅሰሽ የለመንሽኝ ልጅ ነሽ!»

«አላለቀስኩም። ለመንኩ። እምቢ አሉኝ።»

ኮምፒውተሮቹን ወሰዱ። አለቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እኔን አያይም። የማዝነው ለሱ ብቻ ነው። ጭጭ ጃኬቱን ለበሰና ማንም ሳይጠራው ከኔ ጋር ወረደ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ሰኞ ጠርተው ዘጠኝ ቀን ያዙን። ብዙ ወንበር ያለበት ክፍል፣ ተመሳሳይ ጥያቄ። ማን ላከሽ? እህቴ። ከማዶ ጋር ትገናኛለሽ? በስልክ፣ አራት ደቂቃ። ምን አወራችሁ? ስለ ካልሲ። ጠያቂው እየቀለድኩ መሰለው።

ለቀቁን። በየሳምንቱ ሰኞ መፈረም አለብን። ሥራ የለም። እናቴ በር ላይ አቅፋኝ «ያደረግሽውን ነገሩኝ» አለች። ምን ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ቀጥነሻል» አለች።

ማሙሽ ከካምፕ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ አልተናገሩም። ሁላችንም እናውቃለን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ዜናው ማዶ ገብተናል አለ። ስልክ አልገባም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ፈረምኩ። ጭጭም ፈረመ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ረጅም ጊዜ ቆመን ነበር። «ደወለች?» አለኝ። አልደወለችም። «ትደውላለች» አለ።

ስልክ አልገባም።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

በሱቆች ላይ ጽሑፍ መጻፍ ጀመርኩ፤ በቀለም፣ በብሩሽ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ። የዛሬው የጫማ ጠጋኝ ነበር። እጄ ሥራ ካልያዘ አእምሮዬ ያችን መስኮት ብቻ ያያል። ባይሠራስ? ማሙሽ የዚያን ቀን ጌሙን ባይጫወትስ? ዘበኛ ቢሆንስ፣ ታምሞ ቢሆንስ?

ደግሜ ግን አደርገዋለሁ። ዛሬ መሰላሉ ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱ አልተለወጠም። ይሥራ አይሥራ እንጃ፣ ያንን መንገድ ባዶ አድርጌ የሄድኩ ሰው ሆኜ መኖር አልችልም።

ስልክ አልገባም።

እሑድ፣ ጥር 18

ደወለች።

እሷ ናት፣ ራሷ። እናቴ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ አንድ ጆሮ ለሁለት ተካፈልን። እንዳለችው እጽፈዋለሁ፣ ሳይጠፋብኝ።

የአፕዴቱ ወሬ ማዶም ደርሶ ነበር። እንዴት እንደደረሰ አታውቅም። ብቻ ሰፈሩ ሁሉ ያለውን ልብስ አውጥቶ ሰቀለ። የክረምት ኮት፣ መጋረጃ፣ የአማቷን የሙሽርነት ቀሚስ ሳይቀር። ዝናብ ሲጥልም አላስገቡትም። የዳነው ሁሉም ቤት አይደለም። ዳቦ ቤቱ ተቃጥሏል፤ ጋጋሪው ከነልጁ ሞቷል። 

ወታደሮቹ ወደ እነሱ መንገድ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ብረት ለበስ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አሥራ ሰባቱም ኮሪደሩ ላይ ተኝተዋል፤ አማቷን በፍራሽ ጎትተው። መኪናው በራቸው ፊት ደረሰ። ቆመ። በጣም ቆየ። ከመኪናው ላይ የማታውቀው ሰው ድምፅ ሰማች፤ «ልብስ አለ፣ ልብስ አለ እኮ!» የሚል። ተኳሹ መሆን አለበት። ማሙሽ ጥሩ ልጅ ነው ብሎኝ አልነበር?

 ከዚያ ሌላ ድምፅ። በጣም ጮክ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ...

«ወራጅ አለ! እዚችው ጋ፣ አረንጓዴው በር ጋ!»

እታለም ድምፁን ገና በመጀመሪያው ቃል አወቀችው። ሽንት ጨርቁን የለወጠችለት ልጅ ነው። አማቷ አትውጪ እያለች ቀሚሷን ይዛት ነበር፤ ቀሚሱ ተቀደደ፣ ወረደች፣ በሩን ከፈተች።

ያለ ትእዛዝ በማቆሙ ማሙሽን አስረውታል። ተኳሹንም። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልታወቀም። ደህና ነው፤ ሲወስዱት አይታዋለች፤ በእጁ ሰላም ብሏታል። ከኋላቸው የነበሩት መኪናዎችም ሁሉ በተራ ቆመው ነበር አለች፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ የፊቱ ካልተንቀሳቀሰ የኋላው አያልፍም። ያን መንገድ ስሠራ ስንቴ ተሳደብኩ... ሁለት መኪና አያሳልፍም ብዬ።

እናቴ «የታሰረበት ቦታ ስንቅ ይገባ እንደሆነ ጠይቁልኝ» አለችና ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። እታለም መስመሩ ሳይቋረጥ ቶሎ ልበል ብላ «አንቺስ?» አለችኝ። በሱቅ ላይ እጽፋለሁ አልኳት። «ሥራ ነው፤ ምን አለበት» አለች። ከዚያ «በይ ልዝጋ፣ ደመና መጥቷል፣ ልብሱን ላስገባ» አለች።

አሁን ታስገባዋለች።